በመሣሪያ ውስጥ የተቀበረን ኮምፒዩተር በኔትወርክ ስለ ማስነሣት

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ኮምፒዩተር ሲባል ለብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚታየው በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው፣ ስክሪንና የፊደል ገበታ ያለው መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ በቁጥር የሚበልጡት ኮምፒዩተሮች ስክሪንም የፊደል ገበታም የላቸውም። በውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ፣ በቴሌኮሙኒኬሽን ጣቢያ፣ በሆስፒታል መለኪያና በፋብሪካ ማሽን ውስጥ ተቀብረው፣ ባለቤታቸው እንኳ ኮምፒዩተር መሆናቸውን ሳያስብ ሌት ተቀን ይሠራሉ። እነዚህ የተቀበሩ ኮምፒዩተሮች በሥራ ላይ ሳሉ ስለሚያደርጉት ነገር ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ግን ከዚያ በፊት ያለችው አጭር ጊዜ ናት፤ ይኸውም ኃይል ከተለቀቀበት ቅጽበት አንሥቶ ዋናው ፕሮግራም ሥራውን እስኪረከብ ድረስ ያለችው የጥቂት ሴኮንዶች ጊዜ ናት።

ስለ ጥቂት ሴኮንድ ይህን ያህል መጨነቅ ከመጠን ያለፈ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሥራ ላይ ሳለ የተሳሳተ ኮምፒዩተር ስሕተቱን ሊናገር፣ ከሩቅም ሊታረም ይችላል። ሳይነሣ የቀረ ኮምፒዩተር ግን አፍ የለውም። መሣሪያው በተራራ ጫፍ ላይ በቆመ የሬዲዮ ማስተላለፊያ ጣቢያ ውስጥ የተተከለ ከሆነ፣ አንድ ቴክኒሺያን ገመዱን በቦርሳው ይዞ መንገዱ እስከሚፈቅድለት ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ በእግሩ ሊወጣ ግድ ይሆንበታል። በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ በአንዲት መስመር ትእዛዝ የተሠራ ስሕተት ዋጋው የሚከፈለው እንዲህ ባለው ሥፍራ ነው።

ሆኖም በኔትወርክ የማስነሣት ዘዴ በተቀበሩ ኮምፒዩተሮች ሠራተኞች ዘንድ የተወደደው ለመስክ ሥራ ሳይሆን ለዚሁ ለቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ነው። አንድ መሐንዲስ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ አንዲት መስመር ለውጦ ውጤቱን ለማየት ሲፈልግ፣ በድሮው አሠራር የማኅደር ካርዱን ከሰሌዳው ነቅሎ፣ ወደ ራሱ ኮምፒዩተር አስገብቶ፣ አዲሱን ፋይል ጽፎ፣ ካርዱን መልሶ ሰክቶ ኃይል ይለቃል። ይህ ሁሉ አራት ደቂቃ ቢፈጅና በቀን ሠላሳ ጊዜ ቢደገም፣ ካርድ በመንቀልና በመሰካት ብቻ ሁለት ሰዓት ይባክናል። ከጊዜው ይልቅ የሚከፋው ግን ሰውየው ሙከራ መሰልቸቱ ነው። የተሰላቸ መሐንዲስ አምስት ለውጦችን በአንድ ጊዜ አጠራቅሞ ይሞክራል፤ ከአምስቱ የትኛው እንዳበላሸ ደግሞ አያውቅም። ፋይሉን በኢተርኔት ገመድ መሳብ ከተቻለ ግን ሥራው ሁሉ አንድ ትእዛዝ ጽፎ ጥቂት ሴኮንድ መጠበቅ ይሆናል።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት ከ2013 ጀምሮ በብዙ ቤተ ሙከራዎች የተለመደውን ቢግልቦን ብላክ የተባለውን ትንሽ ሰሌዳ መውሰድ ይበቃል። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ ሰሌዳ ላይ ያለው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ፕሮሴሰር ኃይል ሲያገኝ የሚያውቀው ነገር ቢኖር በፋብሪካ ሳለ በሆዱ ውስጥ የተቀረጸለትን፣ ሊፋቅም ሊለወጥም የማይችለውን ትንሽ ፕሮግራም ብቻ ነው። በሰሌዳው ላይ 512 ሜጋባይት ማኅደረ ትውስታ ተቀምጧል፤ ነገር ግን መቆጣጠሪያው ገና ስላልተስተካከለ በዚያ ጊዜ ከሌለ አይቆጠርም። ስለዚህ ያ የተቀረጸው ፕሮግራም ቀጣዩን ተረኛ የሚያሳርፈው በፕሮሴሰሩ ውስጥ ባለችው ጠባብ ማኅደር ላይ ነው፤ የተረኛውም ልክ ከ109 ኪሎባይት እንዳይበልጥ ተወስኗል። ይህ ትንሽ ተረኛ ሰፊውን ማኅደረ ትውስታ ያዘጋጃል፤ ከዚያም ሙሉውን አስነሺ ፕሮግራም፣ ማለትም ዩ-ቡትን ይጠራል። ዩ-ቡትም በበኩሉ ከርነሉን አምጥቶ ሥልጣኑን ያስረክባል። ከቤቱ ውጭ ጠባቂ፣ በበሩ በረኛ፣ በእልፍኙ አስተናጋጅ እንዳለው የጥንት ግቢ፣ እያንዳንዱ ከራሱ በር በላይ የሚያውቀው ነገር የለም።

የተቀረጸው ፕሮግራም ራሱ በኢተርኔት ሊነሣ እንደሚችልም ማወቅ ይጠቅማል። ካርድም ሆነ ፍላሽ ባይኖረው፣ በቅደም ተከተሉ ውስጥ ኢተርኔት ካለበት፣ የመጀመሪያውን ትንሽ ፕሮግራም ከኔትወርክ ይጠይቃል። ፍላሹ ፈጽሞ የተበላሸበት ሰሌዳ ከሞት የሚነሣበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

እዚህ ላይ የታሪኩን ምንጭ በአጭሩ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ዛሬ በጠረጴዛ ላይ የሚያስቸግረው ብዙው ነገር በዚያ ዘመን ከተደረገ ምርጫ የመነጨ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዲስክ ውድ ነበር። ስለዚህ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችና ኩባንያዎች ውስጥ ዲስክ የሌላቸው የሥራ ኮምፒዩተሮች በአንድ ባለ ትልቅ ዲስክ ሰርቨር ዙሪያ ይሰባሰቡ ጀመር። ዲስክ የሌለው ኮምፒዩተር ሲነሣ ሁለት ነገር ይቸግረዋል፤ አንደኛ ስሙን፣ ማለትም የኔትወርክ አድራሻውን አያውቅም፤ ሁለተኛ የሚሠራበትን ፕሮግራም አልያዘም። ለመጀመሪያው ችግር ራርፕ የተባለው ስምምነት በሰኔ 1984 ወጣ። ነገር ግን ይህ ስምምነት አድራሻ ከመንገር በቀር ሌላ አያውቅም፤ ለዚያውም በየገመዱ ላይ አንድ አንድ ሰርቨር ይፈልግ ነበር። በመስከረም 1985 ቢል ክሮፍትና ጆን ጊልሞር አር.ኤፍ.ሲ. 951 በተባለው ሰነድ ቡትፒን አቀረቡ። በቡትፒ አሠራር አዲስ የተነሣው መሣሪያ በአዳራሹ ላለ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም አድራሻህ ይህ ነው፣ ፋይሉን የሚሰጥህ እገሌ ነው፣ የፋይሉም ስም እንዲህ ይባላል ብሎ በአንድ ደብዳቤ ይመልስለታል። ዛሬ በየቢሮው የሚገኘው ዲ.ኤች.ሲ.ፒ. በ1993 የተወለደው ከዚሁ ከቡትፒ ሲሆን፣ የደብዳቤውን ቅርጽ እንዳለ ወርሷል።

ፋይሉን የሚያመጣው ደግሞ ቲ.ኤፍ.ቲ.ፒ. ነው። በ1981 በወጣው ሰነድ የተደነገገው ይህ ስምምነት ሆን ተብሎ ድኻ የተደረገ ነው፤ የይለፍ ቃል የለውም፤ የፋይል ዝርዝር አያሳይም፤ መላክና መቀበል ብቻ ያውቃል። ድኽነቱ ግን በጎነቱ ነበር፤ በጥቂት ኪሎባይት የተቀረጸ ማኅደር ውስጥ ሊገባ የሚችለው እንዲህ ያለው ብቻ ነበርና። አሠራሩ ፋይሉን በ512 ባይት እየቆረሰ መላክ ነው። ላኪው አንድ ቁራሽ ይልካል፤ ተቀባዩ «ቁጥር ይህን ተቀብያለሁ» ብሎ እስኪመልስለት ድረስ ሁለተኛውን አይልክም። ከ512 ባይት ያነሰ ቁራሽ ሲደርስ ፋይሉ አለቀ ማለት ነው።

በዚህ ቀላል ሥርዓት ውስጥ ግን ለብዙ ዓመት አንድ ተንኮል ተደብቆ ኖሯል። የተቀባዩ መልስ ሳይጠፋ እንዲያው ቢዘገይ፣ ላኪው የጠፋ መስሎት ያንኑ ቁራሽ ደግሞ ይልካል። ተቀባዩ ለሁለቱም ቁራሾች ሁለት መልስ ይሰጣል። ላኪው ደግሞ ለእያንዳንዱ መልስ ቀጣዩን ቁራሽ ስለሚልክ ቀጣዩ ቁራሽ ሁለት ጊዜ ይሄዳል፤ ያም ሁለት መልስ ያስከትላል። አንድ ጊዜ ብቻ በተፈጠረ መዘግየት የተነሣ ከዚያ በኋላ ያለው ፋይል በሙሉ እስከ መጨረሻው ድረስ እጥፍ እጥፉን ይጓዛል። ባለሙያዎች ይህን ሁኔታ መጥረጊያውን ውሃ እንዲቀዳ በአስማት አዝዞ ማስቆሙ በጠፋበት ተማሪ ስም «የጠንቋዩ ደቀ መዝሙር በሽታ» ብለው ጠርተውታል። ፋይሉ በመጨረሻው በትክክል ስለሚደርስ ስሕተቱን ማንም አይቶ አይጮኽም፤ ነገሩ ሁሉ የዘገየ ብቻ ይመስላል። መድኃኒቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ላኪው ለተደገመ መልስ ቁራሽ አይላክ፤ እንደገና የሚልከው የመጠበቂያ ጊዜው ሲያልቅ ብቻ ይሁን። ይህ በ1989 በወጣ ሰነድ ግዴታ ሆነ፤ በ1992 በተሻሻለው የቲ.ኤፍ.ቲ.ፒ. ደንብም ውስጥ ገባ።

ከዚያው ዘመን የቀረው ሌላው ነገር ፍጥነቱ ነው። 10 ሜጋባይት የሆነ ከርነል በ512 ባይት ሲቆረስ 20480 ቁራሽ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱም መልስ ይጠበቃል። ደርሶ መልስ አንድ ሚሊ ሴኮንድ ቢፈጅ 20 ሴኮንድ ማለት ነው፤ ገመዱ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ይህን አያሳጥረውም። በ1995 የቁራሹን መጠን በስምምነት ማሳደግ ተፈቀደ። ዩ-ቡት የሚጠይቀው 1468 ባይት ሲሆን ቁጥሩ እንዲያው የመጣ አይደለም፤ የኢተርኔት ጭነት ከሆነው 1500 ላይ ለሦስቱ አርዕስቶች 20፣ 8 እና 4 ባይት ሲቀነስ የሚቀረው ነው። በዚህ መጠን ያው ከርነል 7143 ቁራሽ ይሆናል፤ ጊዜውም ወደ 7 ሴኮንድ ይወርዳል። የቁራሽ ቁጥሩ በ16 ቢት ስለሚጻፍ ከ65535 በላይ መቁጠር አለመቻሉም ይታወስ። በ512 ባይት ቁራሽ 32 ሜጋባይት ግድም ሲደረስ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ይህን የማያውቅ ሰርቨር ካጋጠመ ትልቅ ፋይል ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንመለስ ቢባል፣ የሚገኘው ዩ-ቡት ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ቮልፍጋንግ ዴንክ በ2000 ፒፒሲ-ቡት በሚል ስም ለፓወርፒሲ ፕሮሴሰሮች በይፋ ያወጣው ፕሮግራም፣ ሌሎች ፕሮሴሰሮችንም እያቀፈ ስለ ሄደ በ2002 ዩ-ቡት ተባለ። ዴንክ በ2022 ዐርፏል፤ ሥራው ግን ዛሬም ከትንሽ የመንገድ ራውተር እስከ ትልቅ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ድረስ ይገኛል። ዩ-ቡት ኃይል ሲለቀቅ ለጥቂት ሴኮንድ ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ በዚያች ጊዜ በሲሪያል ገመድ በኩል አንድ ቁልፍ የተመታ እንደ ሆነ ቆጠራውን አቁሞ ትእዛዝ ይጠብቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጭውውት አጭር ነው። «ሴትኤንቭ» የሚለው ትእዛዝ ለአንድ ስም ዋጋ ይሰጣል። መሐንዲሱ በመጀመሪያ «አይፒአድር» ለሚለው 192.168.10.2ን፣ «ሰርቨርአይፒ» ለሚለው ደግሞ የራሱን ኮምፒዩተር አድራሻ 192.168.10.1ን ይሰጣል። ቀጥሎ «ፒንግ» ብሎ ሰርቨሩን ይጣራል፤ ሰርቨሩ በሕይወት አለ የሚል መልስ ከመጣ ገመዱና አድራሻው ደኅና ናቸው። በተቃራኒው ከራሱ ኮምፒዩተር ላይ ሆኖ ሰሌዳውን ቢጣራ ግን መልስ ባያገኝ ሊደነግጥ አይገባውም። ዩ-ቡት ኔትወርኩን የሚያዳምጠው የኔትወርክ ትእዛዝ በሚፈጽምበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ትእዛዝ እየጠበቀ ሳለ ጆሮው ዝግ ነው። በዚህ የተነሣ ደኅና ገመድ ስንት ጊዜ እንደ ተጣለ የሚያውቁት የቤተ ሙከራ ቅርጫቶች ናቸው።

ከዚያም «ቲኤፍቲፒቡት» በሚለው ትእዛዝ ከርነሉ በአድራሻ 82000000 ላይ፣ የሰሌዳውን ዕቃዎች ዝርዝር የያዘው የዲቫይስ ትሪ ፋይል ደግሞ በ88000000 ላይ ይጫናሉ። እነዚህ ቁጥሮች በአሥራ ስድስት መሠረት የተጻፉ ናቸው። ዩ-ቡት ቁጥርን በአብዛኛው እንዲህ ነው የሚያነበው፤ 10 ብሎ የጻፈለት ሰው 16 እንዳዘዘ ይቆጠራል። የማኅደረ ትውስታው መጀመሪያ 80000000 ስለ ሆነ ከርነሉ ከመጀመሪያው 32 ሜጋባይት፣ ዲቫይስ ትሪው ደግሞ 128 ሜጋባይት ርቀው ያርፋሉ። ርቀቱ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። የታመቀው ከርነል ሲነሣ ራሱን ወደ ማኅደሩ መጀመሪያ ይዘረጋል፤ ሲዘረጋ የሚያገኘውን ሁሉ ይሸፍናል። ዲቫይስ ትሪውን ለቁጠባ ብሎ ከርነሉ አጠገብ ያስቀመጠ ሰው «ከርነሉን በማስነሣት ላይ» ከሚለው መስመር በኋላ ዝምታ ብቻ ያገኛል።

በመጨረሻ «ቡትዚ 82000000 - 88000000» ይባላል። በመካከል ያለችው ጭረት ጌጥ አይደለችም፤ ሁለተኛው ቦታ የመነሻ ራምዲስክ አድራሻ የሚገባበት ስለ ሆነ፣ ጭረቷ «ራምዲስክ የለም» ማለት ናት። እርሷ የተረሳች እንደ ሆነ ዩ-ቡት ዲቫይስ ትሪውን ራምዲስክ ነው ብሎ ይወስደዋል፤ ቅርጹም ትክክል አይደለም ብሎ ይቆማል።

ይህ ሁሉ በትክክል የሚሄደው መሐንዲሱና ሰሌዳው በአንድ ገመድ ብቻቸውን ሲሆኑ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሰሌዳው ከቢሮው ኔትወርክ ጋር ሲገናኝ ነው። አድራሻ በእጅ መጻፍ የሰለቸው መሐንዲስ «ዲኤችሲፒ» የሚለውን ትእዛዝ ይሰጣል። ትእዛዙ አድራሻ ይቀበላል፤ ወዲያውም ፋይል መሳብ ይጀምራል። ከማን ነው የሚስበው? ከመሐንዲሱ ኮምፒዩተር ሳይሆን አድራሻውን ከሰጠው ከቢሮው ራውተር ይሆናል። ራውተሩ ስለ ከርነል የሚያውቀው ነገር የለም። በስክሪኑ ላይ የጭነቱን መሄድ በሚያሳየው ምልክት ፈንታ ቲ የተባለው የላቲን ፊደል ይደረደራል፤ ትርጉሙም የመጠበቂያ ጊዜው አለቀ ማለት ነው። መሐንዲሱ «ሰርቨርአይፒ»ን እንደገና ያስተካክላል፤ «ዲኤችሲፒ» ይላል፤ ዋጋው ተመልሶ ይለወጥበታል። መፍትሔው «አውቶሎድ» የተባለውን ስም «ኖ» በማድረግ ትእዛዙ አድራሻ ብቻ ተቀብሎ እንዲቆም ማድረግ፣ ከዚያ በኋላ «ሰርቨርአይፒ»ን መስጠት፣ ከዚያ በኋላ መሳብ ነው። ወይም ከፋይሉ ስም በፊት የሰርቨሩን አድራሻና ሁለት ነጥብ መጻፍ ይቻላል። ፊደል ቲ እየተደረደረ አድራሻው ሁሉ ትክክል ከሆነ ደግሞ የኮምፒዩተሩን መከላከያ ግንብ መመርመር ነው። የቲ.ኤፍ.ቲ.ፒ. ጥያቄ የሚደርሰው በበር ቁጥር 69 ነው፤ ሰርቨሩ የሚመልሰው ግን በሌላ፣ በየጊዜው በሚለዋወጥ በር ነው። 69ን ብቻ የከፈተ ሰው ግማሹን በር ነው የከፈተው።

ከሁሉ የከፋው ግን የሁለት ሰሌዳዎች አንድ ስም መያዝ ነው። እያንዳንዱ የኢተርኔት መሣሪያ ስድስት ባይት የሆነ የራሱ አድራሻ ሊኖረው ይገባል። ቢግልቦን ብላክ ይህን አድራሻ በፕሮሴሰሩ ውስጥ ተቀርጾለት ይመጣል። በየድርጅቱ በሚሠሩ ብዙ ሰሌዳዎች ላይ ግን አድራሻው የሚገኘው በፍላሽ ውስጥ፣ «ኢዝአድር» በሚል ስም ነው። እንበልና አንድ ወጣት መሐንዲስ የመጀመሪያውን ሰሌዳ አስተካክሎ፣ የፍላሹን ይዘት እንዳለ ገልብጦ በሌሎች ዐሥራ አንድ ሰሌዳዎች ላይ ጻፈ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲሞከር ደኅና ነው። ሁለት ሆነው ሲሰኩ ግን ጭነቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ትንሽ ይሄዳል፤ ደግሞ ይቆማል። ወጣቱ ገመድ ይለውጣል፤ ሰርቨሩን እንደገና ያስነሣል፤ ከርነሉን ያማል። ሁለት ቀን ከለፋ በኋላ አንድ አንጋፋ ቴክኒሺያን መጥተው የማከፋፈያውን መብራቶች እያዩ «ልጄ፣ እነዚህን ሁለት ሣጥኖች አንድ ስም ያወጣላቸው ማን ነው?» ይሉታል። «ጋሼ፣ እኔ ስም አላወጣሁም፤ የገለበጥኩት ብቻ ነው» ይላል ወጣቱ። «እንግዲያው ስሙንም ገልብጠኸዋል።» ማከፋፈያው ያንን አድራሻ አንድ ጊዜ በሦስተኛው መሰኪያ፣ አንድ ጊዜ በሰባተኛው መሰኪያ ስለሚያየው የአንዱን ደብዳቤ ለሌላው ያደርስ ነበር።

የዩ-ቡት ሠሪዎች ይህን አደጋ ስለሚያውቁ «ኢዝአድር» አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ በተራ ትእዛዝ እንዳይለወጥ አድርገውታል። ጥንቃቄው ጥሩ ነው፤ ፍላሽን በሙሉ የሚገለብጥን እጅ ግን አያግደውም። በየመነሻው በዘፈቀደ አድራሻ ማውጣትም ይቻላል፤ ነገር ግን ያ አድራሻ ካልተቀመጠ ሰሌዳው በተነሣ ቁጥር አዲስ እንግዳ ይመስላል፤ የአድራሻ አዳዩም ያለውን ሁሉ አድሎ ባዶ እጁን ይቀራል። የሚሻለው በማምረቻው ጊዜ ለእያንዳንዱ ሰሌዳ አንድ ቁጥር መስጠትና በመዝገብ መያዝ ነው። አሰልቺ የጽሕፈት ሥራ ነው፤ አቋራጭ ግን የለውም።

ከርነሉ ከተነሣ በኋላ የፋይሎቹ ቤት የት እንደ ሆነ ሊነገረው ይገባል። ይህም «ቡትአርግስ» በሚለው ስም ይጻፋል። በቤተ ሙከራ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ኤን.ኤፍ.ኤስ. ነው፤ የሰሌዳው ሥርወ ማኅደር በመሐንዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ተራ ማኅደር ይሆንና፣ በዚያ ላይ የተለወጠው ፋይል በሰሌዳው ላይ ወዲያው ይታያል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጠቀሳል። ዩ-ቡት ኔትወርኩን ማወቁ ለከርነሉ አይተርፈውም፤ ከርነሉ ሁሉን እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። የኢተርኔት ድራይቨሩ በከርነሉ ሆድ ውስጥ ካልተጠቃለለና እንደ ተነጣይ ሞጁል በዚያው በሩቁ ማኅደር ውስጥ ከተቀመጠ፣ መክፈቻው በተቆለፈው ሣጥን ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

እስካሁን የተነገረው የጠረጴዛ ሥራ ነው። ሰሌዳው ወደ መስክ ሲወጣ ይህ ሁሉ ምቾት ጠባዩን ይለውጣል። ቲ.ኤፍ.ቲ.ፒ. ማንነትን አይጠይቅም፤ ቡትፒና ዲ.ኤች.ሲ.ፒ.ም በተለምዶ አሠራራቸው ፈጥኖ ለመለሰው ሁሉ ያምናሉ። በዚያ ገመድ ላይ አንድ ትንሽ ኮምፒዩተር የሰካ ሰው ለመሣሪያው ራሱ የመረጠውን ከርነል ሊያቀብለው ይችላል፤ መሣሪያውም የውሃ ፓምፕ የሚያዝ ወይም የሕሙማንን ልብ ምት የሚለካ ሊሆን ይችላል። በድሮው የዩ-ቡት ፋይል አርዕስት ላይ፣ 64 ባይት በሆነውና 27051956 በሚል መለያ ቁጥር በሚጀምረው፣ የመቆጣጠሪያ ድምር አለ። እርሱ ግን የሚጠብቀው ከገመድ ስሕተት እንጂ ከክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉውም ሰው ድምር ያውቃልና። ከ2013 ጀምሮ ዩ-ቡት የተፈረመበትን ፋይል መርምሮ ያልተፈረመበትን እንዲመልስ ማድረግ ይቻላል። የሚረዳው ግን ዩ-ቡትን ራሱን የሚመረምር ከበታቹ ሲኖር ነው፤ ሰንሰለቱ በፕሮሴሰሩ ውስጥ ከተቀረጸው ፕሮግራም መጀመር አለበት፤ ይህን የማይፈቅዱ ፕሮሴሰሮችም አሉ።

ስለዚህ በመስክ ላለ መሣሪያ በኔትወርክ መነሣት ብቸኛው መንገድ መሆን የለበትም። ዋናው ከርነል በፍላሹ ውስጥ ይቀመጥ፤ ኔትወርኩ ለችግር ቀን ይሁን። ለዚህም ዩ-ቡት ጥሩ መሣሪያ አለው። «ቡትካውንት» የተባለው ቆጣሪ መሣሪያው ስንት ጊዜ ለመነሣት እንደ ሞከረ ይይዛል፤ ዋናው ፕሮግራም በደኅና ሲነሣ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ ይመልሳል፤ ቁጥሩ ከተወሰነው «ቡትሊሚት» ያለፈ እንደ ሆነ ግን ዩ-ቡት የተለመደውን ትቶ «አልትቡትሲኤምዲ» በሚል የተጻፈለትን ሁለተኛ መንገድ ይይዛል። ያ ሁለተኛው መንገድ ኔትወርክ ከሆነ «ኔትሪትራይ» የተባለውን ስም «ኖ» ማድረግ አይረሳ። ይህ ካልተደረገ በአንዳንድ ስሪት ሰርቨሩ የሌለበት መሣሪያ ያለ ዕረፍት ሲጣራ ይኖራል፤ ከእርሱ በኋላ የተጻፈው ትእዛዝ ተራው አይደርሰውም።

የመብራት መጥፋትም በኢትዮጵያ ለሚሠራ መሐንዲስ ሊረሳ የማይችል ጉዳይ ነው። «ሴቭኤንቭ» የሚለው ትእዛዝ የትእዛዞቹን መዝገብ በፍላሽ ላይ ሲጽፍ አስቀድሞ የነበረውን ሊያጠፋ ግድ ነው። መብራት በዚያች ቅጽበት ከጠፋ መዝገቡ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ዩ-ቡት በሚቀጥለው መነሻ ድምሩ እንደማይገጥም አይቶ በፋብሪካ ወደ ተሰጠው መዝገብ ይመለሳል፤ የመስክ አድራሻው፣ ሁለተኛው መንገዱ፣ «ኢዝአድር»ም ሳይቀር በዚያው ይጠፋሉ። ዩ-ቡት ሲዘጋጅ ሁለት መዝገብ በተለያየ ቦታ እንዲይዝና እያፈራረቀ እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይነበባል። ይህ በነባሪው የማይበራባቸው ሰሌዳዎች ብዙ ናቸው። በፋብሪካ የሚሰጠው መዝገብም ቢሆን ለጠረጴዛ ሳይሆን ለመስክ ታስቦ የተጻፈ ይሁን፤ መሣሪያው ሁሉ ሲጠፋበት የሚያስታውሰው እርሱን ብቻ ነውና።

መሣሪያው ከቤተ ሙከራ ከመውጣቱ በፊት የሚደረገው ፈተና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። የኢተርኔት ገመዱ ተነቅሎ ኃይል ይለቀቅ፤ ይነሣ እንደ ሆነና በስንት ሴኮንድ እንደሚነሣ ይጻፍ። ገመዱ ተሰክቶ ሰርቨሩ ይጥፋ፤ እንደገና ይሞከር። በፍላሹ ላይ ያለው ከርነል ሆን ተብሎ ይበላሽ፤ ሁለተኛው መንገድ ይታይ። «ሴቭኤንቭ» በሚጽፍበት ጊዜ ኃይሉ ይቆረጥ፤ ይህም ዐሥር ጊዜ ይደገም። የገንዘብ ያዢው ለቁጠባ ሲል ከሰሌዳው ላይ ሊያስቀር የሚፈልጋቸው ሦስቱ የሲሪያል እግሮች፣ ማለትም መሬቱ፣ ማስተላለፊያውና መቀበያው፣ በቦታቸው መኖራቸውና በሣጥኑ ክዳን ውስጥ በግልጽ መጻፋቸው ይረጋገጥ። በተራራው ጫፍ ላይ በእጅ ባትሪ ብርሃን ክዳኑን የሚከፍተው ቴክኒሺያን መጀመሪያ የሚፈልገው እነርሱን ነው።